ሻይ የማያማስሉት እናት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ዴንቨር መሀል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አንድ ቀን መውጫው ላይ ያለው አግዳሚ ብረት አልነሳ ያላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ በቼክኛ ተሳደቡ። ሲሳደቡ ደግሞ ይችሉበታል። እኔም ከመስታወት ቤቴ ሆኜ በዚያው በቼክኛ «ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ፣ ያን ጊዜ ይነሳል» አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ ኋላ ማለቱን ትተው አፍጥጠው ያዩኝ ጀመር። ከኋላቸው የቆሙት መኪኖች ጡሩምባ በጡሩምባ አደረጉን።

እንዲህ ተዋወቅን። እሳቸው ከአገራቸው የተሰደዱ የፊዚካል ኬሚስትሪ ምሁር ናቸው። የሩሲያ ታንክ ፕራግ ከገባ በኋላ ተቃውመው በመፈረማቸው ከሥራ ተባረሩ፤ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ለማሞቂያው የድንጋይ ከሰል በአካፋ ሲዝቁ ከረሙ፤ በመጨረሻ አገር ጥለው ወጡ። ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የባትሪ ፋብሪካ ቀጥሯቸው ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ገብተው ጀማሪዎችን ማስተማር ያዙ። ተማሪዎቹ ስማቸውን መጥራት ስላቃታቸው «ዶክ» ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ በደርግ ጊዜ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ፕራግ ሄጄ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ አስተምሬያለሁ። አሁን የመኪና ቲኬት እቀበላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ከዴንቨር ጎን ኦሮራ ከተማ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ካለችው የጡብ ቤታቸው ጎራ ማለት ለመድኩ። ሻይ በብርጭቆ ያቀርቡልኛል፣ ሎሚ ጣል አድርገውበት። እዚያ ቤት ሰው ነበርኩ። የሚያወሩኝ ስለ ኬሚስትሪ ነው፤ እኔም እመልሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ አፌ አላርፍ አለና ስለ ፕራጉ መምህሬ፣ እሳቸው ስለጻፉትም መጽሐፍ ጉራዬን ነዛሁ። አዲስ አበባ ያስተማርኩት በዚያ መጽሐፍ ነው። በተለይ አንድ ምዕራፍ ነበረው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ማንም ሳያማስለው በራሱ ጊዜ እንዴት ከቦታ ቦታ እንደሚሄድ የሚያስረዳ። ሌሎቹ መጻሕፍት በቀመር ይጀምራሉ። ይህኛው ግን «እናቴ ሻይዋን አታማስልም ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስኳሩን ከታች ጨምራ፣ ማንኪያ ሳታስነካ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ጉንጭ መራራ ነው፤ ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል፤ መጨረሻው ማር ይሆናል። ከተማሪዎቼ ይህን ሰምቶ የማይገባው አልነበረም። ገጹን ለሽማግሌው በቃሌ ወጣሁላቸው።

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «የእሱ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ቡና እንጂ ሻይ አትቀምስም ነበር» አሉኝ። «አውቃታለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። መጽሐፉ የእሳቸው ነበር። ሲባረሩ ማተሚያ ቤት ደርሷል። የተባረረ ሰው ስም ደግሞ አይታተምም። መምህሬ ያኔ የእሳቸው ተማሪ ነበሩ፤ ከሰል ወደሚዝቁበት ምድር ቤት ወርደው ምን ይሻላል ብለው ጠየቁ።

«ያንተን ስም ጻፍበት፤ እናቴን ግን እንዳትነካት አልኩት» አሉኝ ሽማግሌው። «እሱም አልነካትም።»

ደሜ ፈላ። «አሁን እኮ እዚያም መንግሥት ተቀይሯል» አልኩ። «ይደውሉላቸዋ! ስሜን መልስ ይበሏቸው።»

«የሰጠሁትን አልጠይቅም። መመለስ ከፈለገ ሳይጠየቅ ይመልስ።»

በዚህ ነገር ስንት ቅዳሜ ተጨቃጨቅን። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ብገላምጥ ወይ ፍንክች። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ ባለቤቴ «አንተ ደሞ የራስህን ዲግሪ እዚህ አገር እንዲታወቅልህ ኢቫሉዌት ሳታስደርግ ለሳቸው መጽሐፍ ትቃጠላለህ» ትለኛለች። እውነቷን ስለነበር የባሰ ተናደድኩ። እኔስ ቢሆን የማውቀውን የት ልውሰደው? በመስታወት ቤቴ ለማን ልንገረው? ቢያንስ የእሳቸው እንኳ ቦታውን ቢያገኝ ብዬ ነው።

በመጨረሻ ኮልፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ የስልክ ካርድ ገዛሁና የመምህሬን ቁጥር አፈላልጌ አንድ ጠዋት ደወልኩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ሟሟል። የሽማግሌውን ስም ጠራሁላቸው።

«አዲስ እትም ሊወጣ ነው» አሉኝ። «ስሙ የሚገባበትን ቦታ ትቼለታለሁ። ግን እኔ ደውዬ ምን እለዋለሁ? ይህን ሁሉ ዓመት በመጽሐፍህ ተከበርኩበት ልበለው? እሱ አንድ ጊዜ ይደውልና ይስደበኝ። ከዚያ እጽፈዋለሁ።»

የምሥራች ይዤ ወደ ኦሮራ በረርኩ። «ይስደበኝ ነው ያሉት» አልኳቸው፤ «እርስዎ ደግሞ ስድብ አያቅትዎትም።»

ፊታቸው ቀላ። «ማን ላከህ?» አሉ። «ለመሳደቡም እኔው ልደውልለት?» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «እሱ ራሱ እስኪጽፈው ድረስ ያ መጽሐፍ የእኔ ነው ብለህ ለማንም አትናገርም። ስሜን አታነሳም። የእሱንም አታነሳም፤ ሌባ እንዲሉት አልፈልግም። ማልልኝ።»

እኔም በንዴት ማልኩ። ሁለቱንም ይድፋቸው ብዬ ነው የማልኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ጮህኩ። አንዱ ካልተሰደብኩ አልጽፍም ይላል፤ ሌላው ካልተጻፈ አልሳደብም ይላል። የሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ስልክ አለ።

አዲሱ እትም የመምህሬን ስም ብቻ ይዞ ወጣ። ከሁለቱ መምህሬ ቀድመው ሞቱ። ዜናውን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «ሞኝ!» አሉ። የትኛቸውን እንደሚሉ አልጠየቅኩም። በቀጣዩ ክረምት እሳቸውም ተከተሉ። ቀብራቸው ላይ ከኮሌጁ የመጣ አንድ ባልደረባቸው ዶክ እንዲህ ነበሩ፣ ዶክ እንዲያ ነበሩ እያለ ተናገረ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጄ የሳይንስ የቤት ሥራዋን ይዛ ማዕድ ቤት መጣች። ያው ነገር ነው፤ ሳይማሰል በራሱ ስለሚሄደው። በብርጭቆ ሻይ ቀዳሁና ስኳር ጨመርኩበት። አንድ እናት ነበሩ፣ ሻይ አያማስሉም ብዬ ጀመርኩ። ከላይ ቀመሰች፤ ጠብቃ እስከ ታች ጠጣች። ወዲያው ገባት።

«ዋው፣ ኢት ወርክስ» አለች። «የማን ማም ናት፣ ዳድ?»

«የአንድ ፕሮፌሰር።»

«ስሙ ማነው? ቲቸሬ ከየት እንዳገኘነው ጻፉ ብላናለች።»

እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ከመሐላዬ የሚፈታኝ ሰው አንድ እንኳ በሕይወት የለም። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አጥርቼ እጠራዋለሁ፣ በትክክለኛው ቼክኛ።

«ዶክ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።