ኖራው የወረደበት ማሳ

ጉሮሮ የሚከረክረው የኖራ ብናኝ ሽታ፣ ዛሬም ግድግዳ በሚለሰንበት ቤት በር ሳልፍ ይመለስብኛል። ያኔ ግቢያችን ውስጥ አምስት ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል፣ እህቴ የሺ እና የስምንተኛ ክፍል ተማሪው እኔ።

ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ሁለት ማሳ ነበረን። የላይኛው ማሳ ገብስ ከዓመት ዓመት እየቀጨጨ አባቴን ስላደከመው፣ «ዘንድሮም ካልሰጠኝ ባሕር ዛፍ ተክዬበት እገላገላለሁ» ይል ነበር። ግንቦት ላይ አፈሩ አሲዳማ ነው ተብሎ ኖራ ሲታደል፣ የደረሰን ለአንዱ ማሳ ብቻ የሚበቃ ሆነ። አባቴ ለላይኛው አስቦት ሳለ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ያመጣኋቸውን ሦስት ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀቶች አውጥቼ፣ አሲድ ሲነካቸው እንደሚቀሉ አስረድቼ፣ እንለካ አልኩ።

«ዶክተር አፈር መጣላችሁ!» አለች የሺ እያሳለች።

የላይኛውን ማሳ አፈር በጣሳ በጥብጬ፣ እስኪዘቅጥ ጠብቄ አንዱን ወረቀት ብነክር ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆነ፤ የታችኛውን በሌላ ጣሳ ብሞክር እንደ በርበሬ ቀላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን ትተህ የአምናውን ገብስ አስብ!» አለችው እናቴ አባቴን።

አባቴ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ብዙ ካየ በኋላ፣ «እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው፤ እሱ ተምሯል» አለና ኖራውን በሙሉ ታችኛው ማሳ ላይ በተነው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የሺ ሳሏ ተመለሰባትና ሎሚ ስትጨምቅ አየኋት፤ የታችኛውን ማሳ አፈር በበጠበጥኩባት በዚያችው በሁለተኛዋ ጣሳ። ሎሚም አሲድ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ወዲያው ወጥቼ፣ ከታችኛው ማሳ ድንበር ኖራ ያልነካው አፈር ቆፍሬ፣ ጣሳዋን ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ የመጨረሻዋን ወረቀት ነከርኳት። ሰማያዊ እንደሆነች ቀረች። የላይኛው ገብስ ግን ከስንዝር ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ለአባቴ ነገርኩት። ከእግሩ ላይ ጭቃ እየጠረገ፣ «የተበተነ ኖራ አይለቀም፣ ልጄ» አለኝ። በተከታዩ ክረምት ይበልጣል ጉድጓድ እየቆፈረ፣ እኔ ችግኝ እያቀበልኩ፣ ላይኛው ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ ተከልን።

ዛሬ ዛፎቹ ከቤታችን ጣሪያ በላይ ናቸው። ያኔ አንድ ወረቀት አይቼ ለመፍረድ አፍታ አይፈጅብኝም ነበር፤ አሁን ብቻዬን ከመጻሕፍት ብዙ ለቅሜ፣ ስለ አፈሩ የሚጠይቀኝ ሲመጣ መጀመሪያ ዕቃውን አጥባለሁ፣ ከዚያም ለመመለስ እዘገያለሁ። የሺ፣ ይበልጣል፣ እናንተም ነበራችሁና ንገሩኝ፤ አፈሩን የለካሁ ዕለት ሁለተኛዋን ጣሳ ያቀበለኝ ማን ነበር? ታጥባ እንደሆነስ ጠይቄ ነበር?