መኪና ከሥሩ የሚያልፍበት ምግብ ቤት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴን ፋናዬን ብጠይቃት አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ፣ ሁለታችንም እርግጠኛ አይደለንም። ሑዳዴ እንደነበር ግን አልጠራጠርም፤ ጾም ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበርና።

ያስታወሰኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ ሰላም እኛን ሽማግሌዎቹን ላዝናና ብላ ከብሩክሊን ፓርክ ወደ ዱሉት ይዛን ድራይቭ ስታደርግ መንገድ ላይ ለሽንት ቆምን። እዚህ አሜሪካ የመንገድ ማረፊያ ማለት ሽንት ቤት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ፣ ሳንቲም የሚበላ የብስኩት ማሽንና ጥድ ሥር ያሉ ጠረጴዛዎች ናቸው። በረዶው ሄዷል፣ ሣሩ ገና ቢጫ ነው። የልጅ ልጄ ሊያ ዞር ዞር ብላ ምግቡ የታለ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛዋ። እዚህ ምግብ የለም፣ እንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ከመንገዱ በላይ ወንበር ዘርግተው ያበሉሽ ነበር አልኳት። አላመነችኝም። አይፈረድባትም፣ እኔም ባላየው አላምንም።

ከሱዳን እንግሊዝ አገር የገባን ሰሞን ነው። ወጣት ነበርኩ። ካርቱም ዕቃ ስጭን የለቃቀምኳት ጥቂት እንግሊዝኛ አለችኝ፤ ፋናዬ ያችም የላትም። ሰላምን አርግዛለች፣ ይህችኑ አሁን የምትነዳንን። ሰሜን ካለ ከተማ ቤት ተሰጥቷችኋል ተብለን ከለንደን በአውቶቡስ ተሳፈርን። ነፍሰ ጡር አትጾምም ብላት፣ አንተን ማን ቄስ አደረገህ ብላኝ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

ዝናቡ ያካፋል። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ አንድ ማረፊያ ገባና ሹፌሩ ግማሽ ሰዓት ሰጠን። የጾሙ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ፋናዬ ግን መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። የምትበላውን ይዤላት ልምጣ ብዬ ወረድኩ።

ማረፊያ ሲባል ሻይ ቤት መስሎኝ ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወዲህና ወዲያ አንድ ዓይነት ሕንፃ ቆሟል፤ በመሐላቸው ባለ መስተዋት ድልድይ ተዘርግቷል፤ ድልድዩ ራሱ ምግብ ቤት ነው። ሰው ተቀምጦ እንቁላሉን ይቆርጣል፣ ከእግሩ ሥር የጭነት መኪና ይግተለተላል። ወለሉ በስሱ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሌላው ሰው ቀና ብሎም አያይ።

ከዚያ በፊት ግን በወረድኩበት በኩል የድንች ጥብስ አይቼ ስለ ዘይቱ ጠይቄ ነበር። የምታስተናግደው ልጅ ደስ ይበልህ በሚል ፊት፣ የበሬ ስብ ነው አለችኝ። ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል። ሾርባው ወተት አለበት። ሥጋም ቅቤም ወተትም አልበላም ስላት ታማሚ መሰልኳት መሰለኝ፣ አዘነችልኝና ማዶ ተሻግረህ ባቄላ ጠይቅ አለችኝ። እንዳለችኝ ማዶ በቲማቲም የተሠራ ባቄላና ቅቤ ያልነካው ዳቦ አገኘሁ። በካርቶን ሳህን ይዤ፣ ደስ ብሎኝ፣ በቅርብ ባገኘሁት ደረጃ ወረድኩ።

በሩ ያው በር ነው። የአበባው መደብ ያው ነው። የመኪና ማቆሚያውም ያው። አውቶቡሱ ግን የለም። የእሱ ቀለም ያለው አንድ አውቶቡስ ደግሞ ዓይኔ እያየ ወደ አውራ ጎዳናው ታጥፎ ገባ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን እስከ ዛሬ በደንብ መናገር አልችልም። ጆሮዬ ደነቆረ። ሮጥኩ፤ ሳህኑ የት እንደወደቀ አላውቅም። በዚያ መንገድ ሰው በእግሩ አይሄድም፣ መኪናው ውሃ እየረጨኝ ያልፋል። ፋናዬ ስትነቃ ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቋንቋ የላት፣ የምንወርድበትን ከተማ ስም እንኳ አታውቅ፣ ሆዷ ገፍቷል። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጠረጴዛ ስታብስ የነበረች ሴት በመስተዋቱ አይታኝ ኖሯል፣ ሽርጧን እንደታጠቀች መጣች። የእናቴ እኩያ ትሆናለች። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ስሟን እየጠራ ይጮኽባታል፤ ዞራም አላየችው።

"ሚስቴ ሄደች" አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ወዴት ነበር የምትሄዱት አለችኝ። ሰሜን አልኳት። ፊቴን ትንሽ አየችና የሚከንፉትን መኪኖች በጣቷ አሳየችኝ።

"የኔ ልጅ፣ እነዚህ እኮ ለንደን የሚሄዱ ናቸው። ያንተ ማዶ ነው።"

ወዲያው አልገባኝም። እጅጌዬን ይዛ ደረጃውን አወጣችኝ። ትንፋሼ እንዲመለስ ነው መሰለኝ፣ እየሄድን ታወራልኛለች። ይህ ቤት አዲስ ሳለ ሰው እሑድ እሑድ የክቱን ለብሶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ መኪና ሲያልፍ እያየ ሻይ ሊጠጣ ይመጣ ነበር አለች። እሷም ከባሏ ጋር መጀመሪያ የበላችው በዚያ መስኮት ሥር ነው። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹ አመለጠኝ። መኪና እያዩ ሻይ ለመጠጣት የክት መልበስ! በዚያ ሁሉ ጭንቄ መሐል እንኳ ገረመኝ።

ማዶ ስንወርድ የኛ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ፋናዬ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጋ በሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ሹፌሩ በእንግሊዝኛ ይለምናል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች።

"ባሌ ሳይመጣ ይቺ መኪና ንቅንቅ አትልም። ከፈለግህ በላዬ ላይ ንዳት።"

ቃሉ ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል፤ እጁን ከመሪው ላይ አንስቷል።

እኔን ስታይም በሩን አልለቀቀችም። "ምግብ ልታመጣ ነው የሄድከው ወይስ ልትዘራ?" አለችኝ። ፊቴን አስተውላ ስታይ ግን በሩን ለቀቀች። ወርዳ ሴትዮዋን ጉንጯን እያገላበጠች ሳመቻት። ሴትዮዋ ክው ብላ ቀረች፤ እዚያ አገር እንዲያ አይሳሳሙም። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ የፋናዬን ሆድ በስሱ ነካ አደረገችና በዝናቡ ተመለሰች።

ብሉሚንግተን ያለውን ትልቁን ሞል የመሰለ፣ በሩ ሁሉ አንድ የሆነ ቦታ ስገባ ልቤ ዛሬም ድንግጥ ይላል። ታሪኩን ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም አውርቼዋለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ድልድዩ ወይም ሹፌሩ ምን አለ ብሎ ነው፤ ይስቃል፣ አብሬ እስቃለሁ። የኔ ሐሳብ ግን ሁልጊዜ ሴትዮዋ ላይ ይቆማል። ለማታውቀው ሰው ብላ ሥራዋን ጥላ ዝናብ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ አለቃዋ ምን እንዳላት እንኳ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ዕለት ጥዱ ሥር ተቀምጠን ስጨርስ ሊያ ስሟ ማን ነበር አለችኝ። ያንን የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ማርጆሪ አልኳት። ማርጆሪ ትባላለች።