የቡርሀን ተረከዝና የደጃች ዳኘው መወለጃ

ታንኳ ሠሪው ቡርሀን ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ያየ ሰው፣ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ይመስለዋል። ወገቡን ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ፣ በየመንገዱ እየቆመ ነው የሚወርደው። አባቱም ጎብጠው ነበር፤ አያቱም። “በዚያ ቤት ሕፃን ሲወለድ ጎብጦ ነው የሚወጣው” የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ጎረቤት መቼም የማይለው የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ቄጠማ ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ይነባብራል፣ ከዚያ በልጥ ገመድ ጠፍሮ ያስራል። ሰውዬው የሚያልቀው እዚያ ማሰሩ ላይ ነው። ገመዱ ካልጠበቀ ታንኳው ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ታንኳ ደግሞ እንደ ሰካራም ባል ቤት መድረሱ አያስተማምንም። ስለዚህ ቡርሀን ከዳር ላይ ከተቀበረው ትልቅ ድንጋይ ላይ ሁለት ተረከዙን ያስደግፍና ወደ ኋላው ተንጋሎ ይስባል። አባቱም እዚያው ላይ ስበዋል፤ አያቱም እንደዚሁ። ከመሳብ ብዛት ድንጋዩ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ጎድጉዷል።

መከራው የመጣው በእነዚህ ሁለት ጉድጓዶች ነው።

ደጃች ዳኘው የሚባሉ የጥንት ሰው ነበሩ። አገሩ የሚያውቃቸው ጢማቸው አድጎ፣ ጦር ይዘው፣ በቅሎ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚያውቅ የለም። ማን ወለዳቸው? የት? እንደ ሰው ልጅ ድኸው ያውቃሉ? የመሸንቲ ሰው “እናታቸው ገበያ ውላ ስትመለስ ምጥ ያዛት፤ የኛ ናቸው” ይላል። የደቅ ሰው “የደሴት ልጅ ናቸው፤ ዓሣ የሚወዱት ለምን ይመስላችኋል?” ይላል። ዓሣ መውደዳቸውን ማን እንደነገረው አይጠየቅም። በሕይወት ሳሉ “አባቱ የማይታወቅ” እያለ ሲያማቸው የኖረው ሰው የልጅ ልጆች ዛሬ ሁሉም ዘመድ ሆነዋል።

ቡርሀን በዚህ ክርክር ውስጥ አልነበረበትም። ያስገባው አስጎብኚው ቴዎ ነው። ቴዎ ባሕር ዳር ከተማ፣ ፔዳ በሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ምላሱ ከሞተር ጀልባ የሚፈጥን ወጣት ነው። አንድ ቀን እንግዶች ይዞ ከዳር ቢደርስ ሞተሩ አልነሣ አለ። እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው መነጫነጭ ጀመሩ። ቴዎ ዞር ዞር ብሎ ድንጋዩን አየ።

“ደጃች ዳኘው የተወለዱት እዚህ ላይ ነው!” አለ። “እነዚህ ሁለት ጉድጓዶች እናታቸው ስታምጥ የተንበረከከችባቸው ናቸው።”

እንግዶቹ ፎቶ አነሡ። ቡርሀን ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲጨርሱ፣ “ምነው ቴዎ?” አለው።

“ጋሽ ቡርሀን፣ ሞተሩ እስኪነሣ ነው እኮ። ነገ ይረሱታል።”

አልተረሳም። ወሬ እንደ እምቦጭ ነው፤ አንዲት ቅጠል ጥለህ ብትሄድ ስትመለስ ሐይቁን ታጣዋለህ። መጀመሪያ ሌሎች አስጎብኚዎች መጡ። ቀጥለው ምጥ የፈሩ ነፍሰ ጡሮች ጉልበታቸውን ሊያስነኩ መጡ። ነፍሰ ጡር ከተንበረከከችበት በግድ አትነሣምና ቡርሀን ገመዱን ለቅቆ ይቀመጣል፤ ስትነሣ እንደገና ከመጀመሪያው ይስባል። የላላውን ማጥበቅ ከማሰር ይብሳል። “ደከመኝ” ማለት ያበዛው ያኔ ነው።

በመጨረሻ ኮሚቴ መጣ። የደጃች ዳኘው መታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ባምላክ ሜትር ይዘው ድንጋዩን ከዚህም ከዚያም ለኩ።

“ዙሪያው ይታጠራል፤ ሐውልት ይቆማል” አሉ።

“እኔስ?”

“እርስዎማ ሌላ ዳርቻ ይፈልጋሉ፤ ሐይቁ ሰፊ ነው።”

ሐይቁስ ሰፊ ነው። ዳሩ ግን በሆቴልና በአጥር አልቆ፣ ለደንገል ማድረቂያ የቀረችው ያቺ ቁራጭ ነበረች። ቡርሀን ጫማውን አወለቀና ተረከዞቹን ከጉድጓዶቹ ውስጥ አሳረፋቸው። ልክክ አሉ።

“ጌታዬ፣ ይህ የኛ ተረከዝ ነው። የሴት ጉልበት አይደለም።”

“እግርዎን ያንሡ! ቅርስ ነው!” አሉ አቶ ባምላክ ደንግጠው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሊሆን ይችላል፤ ግን ለተረከዝ ሐውልት አይቆምም። ይልቅ ለእርስዎ ያሰብንልዎ አለ፤ ዘበኛ ያስፈልገናል። ሰው እግሩን እንዳያሳርፍበት የሚጠብቅ።”

ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ለእማ ሐፍሳ ነገራቸው። በዚያ ዳርቻ ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌም አሮጊትም የለም።

“ይውሰዱት፣ እማ። ደከመኝ።”

“ድንጋዩን ከወሰዱት በምን ትስባለህ?”

“አልስባ።”

“ታዲያ ምን ልትሆን ነው?”

ቡርሀን ታንኳ ሠሪ ከመሆን ሌላ ምንም ሆኖ አያውቅማ።

ኮሚቴው ነገሩን ከማጽደቁ በፊት ሽማግሌ ይጠየቅ ተባለና ከሐይቁ ዳር ካለችው ሾላ ሥር ሰዉ ተሰበሰበ። ከደቅ ዓሣ አስጋሪው አስናቀ ተሻግሮ መጣ፤ የመጣው ቡርሀን በሠራለት ታንኳ ነው። ከመሸንቲም አንድ ጥርሰ ብዙ ሽማግሌ መጡ። ሁለቱ እስኪሰለቻቸው ተከራከሩ። ከዚያ እማ ሐፍሳ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

“የሰማሁትን ልንገራችሁ” አሉ። “ደጃች ዳኘው እዚህ ድንጋይ ላይ አልተወለዱም።”

“አላልኋችሁም!” ብሎ አስናቀ ብድግ አለ።

“ተቀመጥ አስናቀ፤ ደቅም አልተወለዱም።”

የመሸንቲው ሽማግሌ ፈገግ አሉ።

“እርስዎም ጥርስዎን ይሰብስቡ። እናታቸው ከመሸንቲ በእግሯ መጣች፤ ወደ ደቅ ልትሻገር ታንኳ ላይ ወጣች፤ መሀል ውሃ ላይ ምጥ ያዛት። የተወለዱት ታንኳ ላይ ነው። ቀዛፊው የባሌ አያት ነበር።”

አቶ ባምላክ ብዕራቸውን አንሥተው፣ “መሀል ውሃ ላይ… ትክክለኛ ቦታው የት ይሆን?” አሉ።

“ልጄ፣ ውሃ እኮ ባለበት አይቆይም።”

“ይምላሉ?”

“የሰው ልጅ ለመወለዱ መሐላ ምን ያደርጋል? መወለዳቸውንስ ታምናላችሁ አይደል?”

ልብ ያለ ልብ ይበል፤ እማ ሐፍሳ ወላሂ አላሉም። ነገር ግን ማን ይከራከር? መሸንቲ መነሻ ሆነች፣ ደቅ መድረሻ ሆነች፣ የባሕር ዳር ሰው ቀዛፊ ሆነ። ሁሉም የድርሻውን ይዞ ዝም አለ። የሚታጠር መሬት ግን አልተገኘም።

“እሺ፣ ታንኳውስ?” አሉ አቶ ባምላክ፣ ተስፋ ሳይቆርጡ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ቡርሀን ዞረ። “ታንኳማ ክረምት ሳይደግም ይበሰብሳል፣ ጌታዬ” አለ።

አቶ ባምላክ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተቱት።

ሲመለሱ ቡርሀን እናቱን ክንዳቸውን ይዞ፣ “እማ፣ እውነት ነው?” አላቸው።

“እኔ አልነበርሁ። እነሱስ ነበሩ?” አሉ። ጥቂት ሄደው ቆም ብለው ተነፈሱ። “አንድ ቦታ ተወልደዋል፤ ይኸው ነው። በል ቀስ በል፤ አንተ ብቻ የደከመህ ይመስልሃል።”

በማግሥቱ ጠዋት ቡርሀን እንደ ልማዱ እግሩን እየጎተተ ወረደ። አጥር የለም፤ ነፍሰ ጡር የለም። ደስታው ግን ያን ያህል አልነበረም። እናቱ ያዳኑለት ነገር ያው መጎተት ነው፤ ወገቡም ያው ወገብ ነው። ተረከዞቹን ከጉድጓዶቹ አስገባ፣ ተንጋለለ፣ ሳበ። ገመዱ ጢው አለ። አስናቀ አዲስ ታንኳ አዝዞታል፤ አሮጌው ውሃ መጠጣት ጀምሯል።

ገና ሁለተኛውን ቋጠሮ ሳይጨርስ የቴዎ ድምፅ ከኋላው መጣ።

“ክቡራን እንግዶች! ደጃች ዳኘው የተወለዱባት ታንኳ የታሰረችው እዚህ ድንጋይ ላይ ነው! እኚህ ሰው የዚያ የቀዛፊው ዘር ናቸው!”

ቡርሀን ዓይኑን ጨፈነ። ዘወር ብሎም ቴዎን አላየውም። አንዲት ሽቅርቅር ሴትዮ ድንጋዩን ጠጋ ብላ ለማየት ስትል ገመዱ ላይ ቆማበታለች።

“እሜቴ” አላት፣ እንደተንጋለለ። “እግርዎን ከገመዱ ላይ ያንሡልኝ፤ ሰው የሚሻገርበት ነው።”