በአባታቸው ስም የታተመው መዝሙር

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ አምስተርዳም ዳፐርማርክት ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ላላነሳው ነበር፤ ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ ቢሆንስ ብዬ አነሳሁት።

«ኑሪያ እባላለሁ፣ የዶን አንሴልሞ የልጅ ልጅ ነኝ» አለችኝ በደች። «አያቴ ያሰባሰበው የመዝሙር መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ነው። ዴን ሃግ ከተማ እየተመላለስሽ አሮጌ መጻሕፍት ያገላበጥሽው አንቺ ነሽ አይደል? መግቢያው ላይ ስምሽን ልናወጣ ፈልገን ነው።»

እዚህ ሆላንድ ያደገ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ ለምጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ ስለ መጽሐፉ ያለችኝ ነው። እስከ ዓርብ አስቤ እደውልልሻለሁ አልኳት። ቲማቲሙን እዚያው ትቼ ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሮተርዳም ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። መንግሥት በልጅነታችን ኩባ ልኮ ካስተማረን ልጆች አንዷ ስለነበርኩ ስፓኒሽ እንደ ውኃ እጠጣዋለሁ፤ ደች ግን አንዲት ቃል አልገባ ብላኝ ነበር። ሥራዬ ጽዳት ነው። ከማጸዳቸው ቤቶች አንዱ ስፓኒሽ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነበር።

ዶን አንሴልሞን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ዶን ማለት እንደኛ ጋሼ መሆኑ ነው። ስፔናዊ ናቸው፤ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሰኞ ሰኞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ይዘምራሉ፣ ያቆማሉ፣ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ወለሉን እያጠብኩ በስፓኒሽ «እግርዎን ያንሱልኝ» ብላቸው መነጽራቸው ሊወድቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ልጄ» ሆንኩ።

የያዙት ሥራ ምን እንደሆነ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ማኅበሩ የሚዘምራቸው መዝሙሮች አብዛኞቹ ስፔን አልተወለዱም። አንዱ ጀርመን ተደርሶ፣ በእንግሊዝኛ ዞሮ፣ ከዚያ ነው ስፓኒሽ የሆነው። የጀርመኑ ቃል አጭር፣ የስፔኑ ረጅም ነው፤ ዜማው ግን ለማንም ብሎ አይለጠጥም። ስለዚህ ተርጓሚው ግማሹን ሐሳብ ጥሎ ግማሹን አዲስ ይሰፋዋል። «ይሄ እኮ ድርሰት ነው» ይሉ ነበር ጠረጴዛውን እየመቱ። «የደራሲው ስም ይጻፋል። የተርጓሚውን ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን እያንዳንዱን ፈልጌ አሳትማለሁ።»

ልባቸው ያለው ግን በተለይ አንዱ ላይ ነበር፤ በመጽሐፋቸው ሦስተኛ በሆነው መዝሙር። አባታቸው ተርጉመውታል ብለው ያምናሉ። በፍራንኮ ዘመን ስፔን ውስጥ ፕሮቴስታንት መሆን መከራ ነበር፤ መስኮት ዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚዘመረው። ፖሊስ መጽሐፋቸውን ሁሉ ወሰደ፤ በኋላ አባትየውንም አሰራቸው፤ እዚያው እስር ቤት ሞቱ። ፎቶግራፍ እንኳ አልተረፈም። አንሴልሞ የሚያስታውሱት አባታቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ያንን መዝሙር ስንኝ በስንኝ ሲጽፉ ነው። «ስሙ በዓለም ላይ አንድ ቦታ እንዲታተም እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ልሙት» አሉኝ። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ብሏቸው ስለነበር ዴን ሃግ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እንዳጣራላቸው ለመኑኝ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሳቸው ጾም የማያውቁ ፕሮቴስታንት፤ ግን ከዴን ሃግ ስመለስ ሽምብራ በቆስጣ፣ በዘይት የተሠራ፣ ትኩስ ትኩሱን ያቀርቡልኝ ነበር። እንደዚያ የጣመኝ የጾም ምግብ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። አብሬያት የምኖረው ኤርትራዊት እትዬ ጽጌ ግን «አንቺ ልጅ፣ ጴንጤ ልትሆኚ ነው?» እያለች ታብጠለጥለኝ ነበር። ባቡሩ ከሮተርዳም ዴን ሃግ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላበትም፤ በመስኮቱ የማየው እርጥብ መስክና ከቦይ ዳር የቆሙ ላሞች ብቻ ነው።

በአራተኛው ጉዞዬ አገኘሁት። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጠርዟ የተበላ የመዝሙር መጽሐፍ። ሦስተኛው መዝሙር ቃል በቃል አለ። የታተመችው አባትየው ከመወለዳቸው በፊት ነው። ከግርጌው «ትርጉም፦ ሬሜዲዮስ ካልቮ፣ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት መምህርት» ይላል።

አባትየው አልዋሹም ነበር እኮ። መጽሐፉ ሲወሰድባቸው በቃላቸው የያዙትን ነው የጻፉት፤ ልጁ ደርሶ ያየው ያንን ነው። ይህ ዛሬ ግልጥ ብሎ ይታየኛል። ያኔ የታየኝ የሽማግሌው ፊት ብቻ ነበር።

ለእትዬ ጽጌ ነገርኳት። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። «የሽማግሌ ልብ ሰብረሽ ምን ልታተርፊ ነው?» እኔም ለራሴ ሌላ ምክንያት ጨመርኩ። በኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላውቅም፤ አንዴ ለእግዚአብሔር ከተሰጠ ባለቤቱ እሱ ነው። ስም ምን ያደርጋል? አልኩ። ጥሩ ማመካኛ ነበር። እውነቱ ግን ይሉኝታ ነው፤ ያበሉኝን ሰው ማሳዘን ፈርቼ ነው።

«ምን አገኘሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው። «የሌላ ሰው ስም የለም።»

እጄን ይዘው አለቀሱ።

መጽሐፉ ታተመ። በተመረቀበት እሑድ ዶን አንሴልሞ ከሕዝቡ ፊት ቆመው፣ «ይህች ልጅ ዴን ሃግ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጣ ከአባቴ በቀር ማንም እንደሌለ አረጋግጣለች» አሉ። «እውነት አይደለም፣ ልጄ?» ምስክር አደረጉኝ! ወይ ጉዴ! በሁለታችን መካከል የሚቀር መስሎኝ እኮ ነበር። ተነሥቼ አንገቴን ደፍቼ እጅ ነሣሁ። ትሕትና መሰላቸውና አጨበጨቡ። በዓመቱ ዶን አንሴልሞ ዐረፉ። እኔም ሥራ አግኝቼ ወደ አምስተርዳም መጣሁ።

ለብዙ ዓመት ደግ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ከኑሪያ ስልክ በኋላ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ ሰው ሁሉን ሲረሳ ስሙን ሲጠሩት ዞር እንደሚል በየቀኑ አያለሁ። ስም ምን ያደርጋል ያልኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ ደወልኩላት። ሦስተኛው መዝሙር የቅድመ አያትሽ አይደለም፤ ያኔም አውቅ ነበር አልኳት።

«አያቴን ዋሽተሽዋል ማለት ነው?» አለች።

«አዎ፣ ዋሽቻቸዋለሁ።»

ስልኩን የዘጋችብኝ መሰለኝ። ግን አልዘጋችም። «ታዲያ የማን ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል።

ስሟን ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። እያስጻፍኳት ዕንባዬ መጣ፤ ለዶን አንሴልሞ አልነበረም። ሬሜዲዮስ ካልቮ ማን እንደነበረች አላውቅም። ልጅ ይኑራት አይኑራት፣ የት እንደተቀበረች፣ አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ የዶን አንሴልሞ አባት ስማቸውን የሚያስጠራ ልጅ ነበራቸው፤ ለእሷ ግን ስሟን የማውቅላት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሥቼ ካድኳት።