ማስታወቂያ የሌለበት ቤት

ሰገነትን የመተማ ዮሐንስ ሰው ሁሉ ይፈራት ነበር። ላጋንን ፈልጌ አይደለም፤ ያላመነ መጥቶ የሰው ፊት ላይ ያለውን ጠባሳ ይቁጠር። ከጉምሩኩ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የተሠራ ቪዲዮ ቤት ነበራት። በር ላይ የምትቆመው ራሷ ነች፣ የጉማሬ አለንጋዋን ይዛ። ከጎጃምና ከወሎ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደው ሳሉግ፣ ያ ሁሉ የቀን ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሻ ካምፕ ሲመጣ ዱላውን፣ ማጭዱንና ጩቤውን እሷ ዘንድ ሳያስረክብ አይገባም። አንዴ አንድ ግንድ የሚያህል ወሎዬ «በሴት አልፈተሽም!» ብሎ ገፈተራት። ጉንጩን በአለንጋ ተረተረችው። ሰውዬው ደሙን በነጠላው እየጠረገ ዱላውን አስረክቦ ገባ። ምን ያድርግ፣ ቪዲዮው ሊጀመር ነዋ!

ይህ ሁሉ ክፋት ግን ለወንድሟ ስትል ነው። ጎሹ ይባላል፤ እናታቸው ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይሉ የለ! ይኸው ጎሹ አብደራፊ ላይ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። የሟች ታናሽ ወንድም ምናለ የትራክተር ሹፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ጎሹ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ አገር በሙሉ የሚጠብቀው የጥይት ድምፅ ነበር።

ሽማግሌዎች ቀድመው ገቡ። ካሳው ተከፈለ፣ መሐላው ተማለ። ዋስ ሲጠየቅ ወንዱ ሁሉ አቀረቀረ። ይኼኔ ሰገነት ተነስታ «ዋሱ እኔ ነኝ። ወንድሜ ዳግም እጁን ካነሳ በእኔ ይሁን» አለች። በዚያ አገር ሴት የደም ዋስ ስትሆን ታይቶ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ተንሾካሾኩ፣ ተቀበሉ። አንድ ነገር ግን ጨመሩ፦ ሁለቱ ሰዎች እስኪለማመዱ ድረስ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከሰዓት፣ ሰው እያያቸው፣ ያለ መሣሪያ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ። አንድ ቅዳሜ ከጎደለ ዕርቁ ፈረሰ። ዕርቁ ከፈረሰ ጎሹ ሞተ ማለት ነው። ሰው ሁሉ መሣሪያውን ፈትቶ የሚገባበት ቤት ደግሞ በመተማ አንድ ብቻ ነው፤ የሰገነት ቪዲዮ ቤት።

ታዲያ ሰይጣን በየት ገባ ብትሉ፣ በማስታወቂያ ገባ።

ቪዲዮ ቤቱ ድሮ በዲቪዲ ነበር የሚሠራ። ኋላ ኢንተርኔት መጣ፤ ያውም ከድንበሩ ማዶ። ገላባት የተገዛ የሱዳን ሲም መተማም ላይ ይሠራል፣ ፍጥነቱም ደህና ነው። ሰገነት ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ ታገናኝና ድራማውን፣ ኳሱን፣ ፉከራውን እዚያው ከኢንተርኔት ታሳያለች። ሰው በሽ ሆነ። አንድ ቅዳሜ፣ ድራማው ላይ ባልየው የሚስቱን ውሽማ አንገቱን አንቆ፣ ቢላውን ሽቅብ አንስቶ፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ እያለ፣ አንዲት ሱዳናዊት ሳሙና ይዛ ብቅ አትልም? በአረብኛ እየዘፈነች ልብስ ታጥባለች። እሷ ስትሄድ ሌላ ሳሙና። ወዲያው ደግሞ የስልክ ማስታወቂያ።

«ከሳሙና ነጋዴ ስንት በልተሽ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እናትህ ትብላ!» አለች ሰገነት።

በቃ። አግዳሚ ወንበር በአየር ላይ በረረ። አንድ ጎጃሜ የፊት ጥርሶቹን መሬት ላይ ሲፈልግ ጀርባውን ረገጡት። ጎኑን የተመታ፣ ጆሮው የተነከሰ፣ በቆርቆሮው የተቀደደ... አንዱ ወንበር የምናለን ግንባር ፈነከተው። ምናለ በደም በተሸፈነ ዓይኑ ዘወር ብሎ ጎሹን አየው። ወንበሩን የወረወረው ጎሹ አልነበረም፤ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ሰገነት ሰውን በአለንጋ እየሰነጠቀች ደርሳ መሀላቸው ገባች።

ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ጠሯት። «ሰገነት፣ ቤትሽ የዕርቅ ቤት ነው ወይስ የቄራ? ሌላ ጠብ ከሰማን ዕርቁን ከቤትሽ እናወጣዋለን» አሏት። ከዚያ ቤት ከወጣ ጎሹን ማን ይጠብቀዋል? ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

ስልክ የሚጠግነው ጌች መፍትሔ አመጣ። «እትዬ ሰገነት፣ ይኸ ምን ያስጨንቅዎታል? ማስታወቂያ የሚያግድ አለ፣ ልጫንልዎት» አላት። ጫነላት። እውነትም ሳሙናዋ ሴት ደብዛዋ ጠፋ። ሦስት ቅዳሜ ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነና ጽሑፍ አወጣ፤ ማገጃውን ካላነሳችሁ አይከፈትም ይላል። ብትነካው እምቢ፣ ብታጠፋው፣ ብታበራው እምቢ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸም እንደዚያው። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር ገንዘቡን መልሳ፣ በአለንጋ ነድታ አስወጣችና በሩን ዘጋች። ጎሹንና ምናለን ብቻ ባዶ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣ፣ ሽማግሌዎቹ የወሰኑት ሰዓት እስኪሞላ ምስክር ሆና መሀላቸው ቆመች።

ከዚያ ጌች ሱቅ ሄደች። ስለ አለንጋው አልነግራችሁም፤ ጌች ሳምንት ሙሉ በሆዱ ነው የተኛው።

«ይከፈላል!» አለ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ። «እትዬ፣ በሞቴ አይምቱኝ! በየወሩ ከተከፈለ ማስታወቂያ አይመጣም። ግን የውጭ አገር የባንክ ካርድ ይፈልጋል።»

«ላለማየት ነው የምከፍል?»

«አዎ።»

«ወይ ዘንድሮ! ለማየት ሲከፈል አውቃለሁ። ላለማየት ከፍዬ አላውቅም።»

ለጎሹ ሲሆን ግን ዓይኗንም ትሸጣለች። ድልድዩን ተሻግራ ገላባት፣ ሽቶና ጨርቅ የምትሸጥ ሐሚዳ ወደምትባል ወዳጇ ሄደች። የሐሚዳ ወንድም ሪያድ ይሠራል፣ ካርድ አለው። «ወላሂ፣ እሱ ይከፍላል፤ አንቺ በየወሩ ሰሊጥ ስጪኝ» አለች ሐሚዳ። «ኻላስ!» ተባብለው እጅ ተማቱ። ሐሚዳ ስልኩን ተቀብላ በወንድሟ ስም አካውንት ከፍታ ሰጠቻት።

ማስታወቂያ የሚባል ጠፋ። ሰገነት ደስታዋን አልቻለችውም። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ይህ ቤት ተከፍሎበታል፤ ማስታወቂያ የለበትም» ብላ አስጻፈች። እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሰገነትም፣ ጎሹም፣ ያ ሁሉ ሳሉግም ክፍያውን እንደ ቤት ግብር ነው የቆጠሩት፤ ቤቱ ከተከፈለበት ማን ይነካዋል? የተከፈለው በእሷ ስልክ ላይ ለተከፈተው አካውንት ብቻ መሆኑን የሚያውቀው ጌች ነው። ጌች ደግሞ ከዚያ ግርፊያ ወዲህ ሰገነትን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ወራቱ አለፉ። ምናለ ቀስ በቀስ ለሰለሰ። መጀመሪያ «ደህና ዋልክ» ማለት ጀመረ፤ ኋላ አንድ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ጎሹን በክርኑ ጎሰም አደረገው። ሰገነት ከበሩ ሆና ይህን አይታ ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች። ጎሹ ግን አልሳቀም። ሰው ገድሎ የሚኖር ሰው ጀርባው ላይ ዓይን አለው፤ የሰው ደግነት ራሱ ያስደነግጠዋል።

ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ቅዳሜ ሲቀር፣ የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ድራማው መሀል ላይ የሰገነት ስልክ ግሎ ጠፋ። ሰዉ ማፏጨት ጀመረ። አንድ ሁለቱ ተነሱ። ሰገነት ያ ወንበር የበረረበት ቀን ታያት።

«እታለም፣ እንኪ የእኔን» አለ ጎሹ ስልኩን እየሰጣት። «ቤቱ እንደሆነ ተከፍሎበታል።»

ሰካችው። ድራማው ቀጠለ፣ ሰዉም ተቀመጠ። ድምፁ አልሰማ ስላለ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ምናለ ጎሹን አየና «ላብ አጠመቀህ፣ ወንድሜ» አለው፤ ከአግዳሚው ሥር ያስቀመጠውን የውኃ ኮዳ ሊያነሳለት ጎንበስ አለ።

ተኩሱ ያን ጊዜ ፈነዳ። የጦርነት ጨዋታ ማስታወቂያ ነው፤ መትረየስ፣ ቦምብ፣ የሰው ጩኸት፣ ያ ሁሉ በትልቁ ድምፅ ማጉያ። ግማሹ ሰው መሬት ላይ ተደፋ። ጎሹ የሰማው ጥይት፣ ያየው ጎንበስ ያለ ባለደም ነው። ባቱ ላይ ያሰረውን ሳንጃ መዞ ምናለን ከጎድኑ ሥር ሸቀሸቀው። ነቅሎ ደገመው። ሦስተኛውን አንገቱ ላይ ሰካው።

ሰገነት ገመዱን በጠሰችው። ተኩሱ ተቋረጠ።

«ማነው የተኮሰ?» አለ ምናለ፣ ደም አፉን እየሞላው። ኮዳው እጁ ላይ ነው፣ ክዳኑን ለጎሹ ከፍቶለታል።

እዚያው አግዳሚው ሥር ሞተ።

ጎሹ ሳንጃውን እንደያዘ ወደ በሩ ሮጠ። «እታለም፣ የተኮሰብኝ መስሎኝ ነው! በእናታችን! ክፈቺልኝ፣ ድልድዩን ልሻገር!»

ድልድዩ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው። ሰገነት መወርወሪያውን ቀረቀረችና ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች። «አትወጣም።»

«ይገሉኛል እኮ!»

«አትወጣም፣ ጎሹ። ዋስህ ነኝ።»

ሊገፋት መጣ። በአለንጋው ዓይኑ ላይ አሳረፈችበት። ጮኸ፣ ሳንጃውን ሰነዘረ፣ ክንዷን እስከ አጥንቷ ከፈተው። አልተነቃነቀችም። ደግማ መታችው፣ ደግማ፣ ደግማ፣ እያለቀሰች፣ እሱ በጉልበቱ እስኪወድቅ፤ ያኔ ሳሉጎቹ ተረባርበው በቀበቶአቸው አሰሩት። ፖሊስ ሲመጣ ራሷ ከፍታ አስረከበችው።

ምናለ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ክንዷ በጨርቅ ተጠምጥሞ፣ ሰገነት ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ የእናቱ የአዛለች ደጅ ሄደች። ሽማግሌ አላስከተለችም። በአገሩ ሥርዓት፣ የተበደለ ሰው ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርዳል። ተንበረከከች። ፀሐዩ ናላ ያዞራል። አዛለች ሁለት ልጆቿን በአንድ ሰው እጅ ያጣች አሮጊት ናት፤ ወጥታ ፊቷ ቆመች።

«ሰውን ሁሉ ስትፈትሺ ነው የምትውይ ይላሉ» አለች።

«አዎ፣ እማ አዛለች።»

«ታዲያ ሳንጃው በየት ገባ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አላየሁም፣ ተሸወድኩ ማለት ትችል ነበር።

«ጎሹን ፈትሼው አላውቅም። ወንድሜ ነው ብዬ።»

«የእኔንስ ልጅ?»

ሰገነት አንገቷን ደፋች። «በየቅዳሜው» አለች፤ «እስከ ካልሲው ድረስ።»

አዛለች ድንጋዩን አላወረደችላትም። ገብታ በሩን ዘጋች።