እንቅልፍ አምጪዋ ሚጣ ሥራ ስትፈልግ

ሚጣ ማሳጅ ስትሠራ ዓይኗን ትጨፍናለች። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም፤ እንዲያውም ሥልጠና ላይ እያለች አስተማሪዋ ደጋግማ ተቆጥታታለች። እሷ ግን ዓይኗን ካልከደነች እጇ አያይላትም። መዳፏን የሰው ጀርባ ላይ ስታሳርፍ መጀመሪያ የሚሰማት ሙቀት ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይከፈትና ወደ ውስጥ ያስገባታል። አንዳንዱ ጀርባ ዝናብ የጠገበ ማሳ ነው፣ ጣት ይሰምጥበታል። አንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱ ቆልፎት የሄደ ቤት ይመስላታል፤ ብታንኳኳ ብታንኳኳ ከውስጥ የሚመልስ የለም። ብዙ ቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትከሻ አጥንት ሥር፣ አንድ ነገር ላላ ይላል። ያን ጊዜ የተኛው ሰው ረጅም ትንፋሽ ያወጣና እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ወጣላት፤ በቁመት ታላላቆቿን በልጣ እንኳ ሚጣነቷ አልቀረም።

የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ክፍሉ መስኮት የለውም። መብራቱ ጠዋትም ከሰዓትም ያው ደብዛዛ ብርቱካናማ ነው፤ ጥግ ላይ ከተሰቀለች ድምፅ ማጉያ የባሕር ድምፅ ሲፈስ ይውላል። ሚጣ ባሕር አይታ አታውቅም። ቢሆንም ማምሻውን በሊፍት ወደ ላይ ስትወጣ ከውሃ ሥር ብቅ ያለች ይመስላት ነበር፤ መንገዱ ረጥቦ ስታገኘው መቼ እንደዘነበ እንኳ አታውቅም።

ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበራትም። የሚታሰብላት በገባላት ሰው ልክ ነው። ሰው ካልመጣ ፎጣ ስታጣጥፍ ብትውልም ከሥራ እንደቀረች ይቆጠራል። ሰው ሲበዛ ደግሞ አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይተኛል፤ ውሃ ለመጎንጨት እንኳ ፋታ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ አውራ ጣቷ ያማት ጀመር። በመጀመሪያ የዘይት ጠርሙስ ስትከፍት ነበር፤ ኋላ ቁልፍ ስትቆልፍ፣ ከዚያም ብርጭቆ ስታነሣ።

ወደ ኃላፊው ገባች። ኃላፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰውዬ ነበር። ትንሽም ብትሆን ቋሚ ደመወዝ እንዲያደርግላት፣ በሰውና በሰው መካከልም ትንሽ እንድታርፍ ጠየቀችው። እስክትጨርስ ድረስ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

“የኔ እህት፣” አላት በመጨረሻ፣ “እዚህ ቤት የሚያርፈው ደንበኛው ነው።”

ሚጣ ሳታስበው ሣቀች። ቀልድ እንዳልሆነ የገባት ሊፍቱ ውስጥ ሆና ነው። ወሩ ሲያልቅ ለቀቀች።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። “እትዬ” ነው የምትላት። እትዬ ጠባብ ፀጉር ቤት አላት፤ መኖሪያቸውም እዚያው ከኋላ ነው። ሥራ ለቅቄያለሁ ስትላት እትዬ የአንዲት ሴት ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች ነበር። እጇን ሳታቆም፣ ጣትሽ ይዳን እንጂ ሥራው የትም አይሄድም አለቻትና ወሬው በዚያው አበቃ።

ሚጣ ሥራ ፍለጋ ወጣች። አንዱ የስፖርት ቤት፣ ሰው እስኪለምድሽ በነፃ ሥሪ አላት። ሌላው ቤት ደረጃው ያማረ፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ የተጣለበት ነበር። የተቀበለቻት ሴት ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና እስከ ስንት ሰዓት ማምሸት እንደምትችል፣ አጠር ያለ ቀሚስ እንዳላትም ጠየቀቻት።

“ሙያዬን አልጠየቁኝም እኮ፣” አለች ሚጣ።

“ሙያው ይደረስበታል።”

ሚጣ ቦርሳዋን አንሥታ ደረጃውን ወረደች። መንገድ ላይ ስትደርስ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሰው በፊቷ ያልፋል። ፊታቸውን አላየችም፤ የምታየው አንገትና ትከሻ ብቻ ነበር። አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዷ የማይታይ ሸክም የተሸከመች ይመስል ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላለች። መንገዱ ሁሉ ተንሳፍፎ የሚሄድ ድካም መሰላት። ይህ ሁሉ ትከሻ እያለ እንዴት ለእኔ አንድ ደህና ሥራ ይጠፋል ስትል ራሷን ጠየቀች።

ሥራ እስክታገኝ እትዬ ፀጉር ቤት ፀጉር ማጠብ ጀመረች። አውራ ጣቷን ለማሳረፍ ብላ በሌሎቹ ጣቶቿ ሆድ ነበር ራስ የምታሸው። ሴቶቹ አንገታቸውን ማጠቢያው ላይ ጣል እንዳደረጉ ይተኛሉ። ወሬ የማይጠፋበት ያ ቤት ከሰዓት በኋላ ጭር ማለት አመጣ፤ ውሃው ብቻ ያንሾካሹካል፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ያጉረመርማል፣ ሁሉም እንዳቀረቀሩ ሌላ አገር ናቸው።

“እባክሽ ሚጣ፣” አለቻት እትዬ፣ “ካስክ ሥር ያለችው ሳትነቃ ሌላ አታስተኚብኝ።”

አንድ ቀን ጠና ያሉ ሴትዮ መጡ። ከስትሮክና ከስብራት የሚያገግሙ ሰዎች የሚታከሙበት ማዕከል ኃላፊ ናቸው። እሳቸውም ተኙ። ሲነቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ በሕልማቸው በሕይወት የሌሉት እናታቸው ጓሮ አስቀምጠው ሲያጥቧቸው ማየታቸውን እያፈሩ ተናገሩ። ሚጣ ምን እንደተማረች፣ የት እንደሠራች ጠየቁና ሰኞ ቢሮ ነይ አሏት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ፀጉሯን እየሠራች፣ ዋጋ ቀድማ እንዳትጠራ አጥብቃ መከረቻት። ሚጣ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ዘረገፈችው፦ ወርሃዊ ደመወዝ እንጂ በሰው ቁጥር እንደማትሠራ፣ በመሐል ማረፍ እንዳለባት፣ ያልተገባ ነገር የሚናገራትን ሰው ትታ መውጣት እንደምትፈልግ፣ ክፍሉም መስኮት እንዲኖረው።

ሴትዮዋ የጠየቀችውን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ።

“ሌላው ሁሉ ይሆናል። ደመወዙ ግን ሆቴሉ በደህና ወር ከሚያስገባልሽ ያንሳል፤ አልዋሽሽም። ወር ከወር ግን አይዋዥቅም። ታመሽ ብትቀሪም አይቆረጥም።”

ሚጣ ደህናዎቹ ወሮች ምን ያህል ጥቂት እንደነበሩ አስታወሰች። “እንግዲያው ቅዳሜን ይተዉልኝ፣” አለች።

ሴትዮዋ ሣቁ። “እህትሽ ናት መሰለኝ ያስተማረችሽ።”

“እህቴ ያስተማረችኝንማ ረሳሁት።”

በዚሁ ተስማሙ።

ክፍሏ የሚያየው ወደ ጓሮ ነው። የዛፍ ጥላ አልጋው ላይ እየተወዛወዘ ይውላል። ከታካሚዎቿ አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ “ይኼ እጅ የእኔ አይደለም፣ በአደራ ነው የያዝኩት” ይላሉ። ሚጣም አደራውን ተቀብላ ጣት በጣት ታሻዋለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባልደረባዋ በክንድና በክርን መሥራት ስላሳየቻት የአውራ ጣቷ ሕመም እየለቀቃት መጣ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የቀጠሮው ሰው ካለቀ በኋላ፣ ያችው ባልደረባዋ አልጋውን በእጇ መታ መታ አድርጋ፣ እኛ እዚህ ዓርብ ዓርብ አንዳችን ሌላችንን እናሻለን፣ ዛሬ ተራው ያንቺ ነው አለቻት። ሚጣ ተግደረደረች። ሥልጠና ላይ ለልምምድ ያህል በጥድፊያ ካልሆነ በቀር ጀርባዋን የነካው ሰው አልነበረም። ኋላ ግን ተኛች። መጀመሪያ ላይ በሐሳቧ እያረመች ነበር፣ ትንሽ ዝቅ፣ አሁን ያዝ አድርጊው እያለች። ከዚያ ማረሙ ጠፋባት። በሕልሟ ትንሽ ልጅ ሆና እትዬ ጀርባ ላይ ታዝላ፣ ጉንጯን ማጅራቷ ላይ አሳርፋ፣ ሰፊና ጭር ያለ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። የት እንደሚሄዱ አታውቅም፤ ባይደርሱ ትወድ ነበር።

ስትነቃ ፎጣ ለብሳለች፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ኮሪደሩ ላይ መምህሩ በምርኩዝ መራመድ ሲለማመዱ ይሰማል። መውጫ ሰዓት ገና ስለነበር አልተነሣችም።

ማታ ለእትዬ፣ “ዛሬ ተኝቼ ደመወዝ ታሰበልኝ” ብላ ነገረቻት።

እትዬ መቀሱን አስቀምጣ አየቻት። “ለእኔም ቦታ እንዳለ ጠይቂልኝ፣” አለቻት።