ቅስቱ ሥር የቆመችው ሴት

ሴቲሚዮ ኖራ አቃጣይ ነበር። ከሮማ ቅጥር ውጭ ከጥንት ሰዎች ፍርስራሽ እብነ በረድ እየፈለጠ ምድጃው ውስጥ ይከታል፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሲወጣ ለግንበኞች ይሸጣል። አባቱም ያሳደገው በዚሁ ነው። ሚስቱ ፕራሴዴ በንዳድ ከሞተች ወዲህ ግን መዶሻው ይከብደው ጀመር። ከምድጃው በላይ ኮረብታው ላይ የነበረው ትልቁ የጥንት ቅስት በዝናብ ሲናድ እንኳ፣ ደህና ድንጋይ አገኘሁ ብሎ አልተደሰተም።

አንድ ቀን ኖራ ሊያደርስ ከተማ ገብቶ በሥዕል ሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ፣ ክር ላይ ከተንጠለጠሉት የኅትመት ሥዕሎች አንዱ አስቆመው። ቅስቱ! ሳይፈርስ፣ ሐረግ ተጠምጥሞበት ቆሟል። ከሥሩ እንስራ የያዘች ሴት አለች፤ አንገቷን ዘንበል ያደረገችው ልክ እንደ ፕራሴዴ ነው። ግን በግራ የሚያውቀው ግንብ በቀኝ ሆኗል። ከኋላም ባሕር አለ። እዚያ የምን ባሕር!

ሠዓሊው ሄንድሪክ፣ ከፍላንደርስ የመጣ ሰው፣ ውስጥ ተቀምጦ ሥዕል የሚቀርጽበትን የመዳብ ሰሌዳ ይወለውላል።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት ማን ናት?»

«እኔ እንጃ። ከዓመታት በፊት ነው የሳልኩት። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ሰው ጨመርኩበት።»

«ሚስቴ ናት እኮ! ግን እንስራውን ለምን በግራ ያዘችው? ግራ እጇ አይታዘዝላትም ነበር።»

«መዳቡ ላይ የሳልኩት ወረቀት ላይ ሲታተም ይገለበጣል። ግራው ቀኝ ይሆናል።»

«ባሕሩስ? እሱም ተገልብጦ ነው የመጣው?»

ሄንድሪክ ሳቀ። «ባሕሩንማ ከናፖሊ ነው ያመጣሁት። አላማረም?»

ሴቲሚዮ ራሱን አከከ። ግራው ቀኝ ከሆነ ሴትዮዋ እሷ ናት። ባሕሩ ከናፖሊ ከመጣ ደግሞ እሷም ከሌላ አገር መጥታ ይሆናል። ሠዓሊው አዘነለትና ጠርዙ የተቀደደ አንድ ቅጂ ሰጠው።

ቤት ሲደርስ ልጁ ኦርሶላ ገና ከማየቷ፣ «እማዬ ናት!» አለች። ቆየት ብላ ግን፣ «አይ… አባዬ፣ የእማዬ አፍንጫ እንዲህ ነበር እንዴ?»

ሴቲሚዮ ሥዕሉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የሚስቱን አፍንጫ ሊያስታውስ ሲሞክር የሚመጣበት የወረቀቱ ሆነ። ደነገጠና ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ልቅደደው?»

«ተይው!»

«እንስቀለው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ከቅስቱ የተረፈውን ድንጋይ ምድጃ ውስጥ መክተት አቃተው። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ሌላ ኮረብታ እብነ በረድ ፍለጋ ሄደ። ሥዕሉ በፕራሴዴ ልብሶች መካከል ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። አባትና ልጅ እያወጡ ያዩታል፤ አንዳንድ ቀን እሷ ናት ይላሉ፣ አንዳንድ ቀን አይደለችም።